የአዳማን ፀሐይና ነፋስ ያገናዘበ ቤት፦ አንድ የተማሪ ንድፍ እንዴት ይሻሻላል?

የአርክቴክቸር ተማሪዎች ለሞቃት አካባቢ የሚስማማና ተፈጥሮን የማይጎዳ ቤት እንዲነድፉ ሲታዘዙ የሚያቀርቡት ሥራ ብዙ ጊዜ እርስ በርሱ ይመሳሰላል። ወለሉ ከመሬት ተነጥሎ በምሰሶዎች ላይ የቆመ፣ ግድግዳው ስስ፣ መስኮቱ ሰፊ፣ ጣሪያው የፀሐይ ኃይል ሰሌዳ የተደረደረበት፣ አንደኛው ጎኑም ሐረግ የተሳበበት ቤት ነው። እንዲህ ያለው ንድፍ ሞቃትና እርጥበታማ በሆነ ቆላ፣ ለምሳሌ በጋምቤላ፣ በቂ ምክንያት አለው፤ ሌሊቱ እምብዛም በማይቀዘቅዝበትና አየሩ በእርጥበት በተሞላበት ቦታ ለነዋሪው እፎይታ የሚሰጠው ሰውነቱን እየነካ የሚያልፍ ነፋስ ብቻ ስለሆነ፣ ቤቱ በተቻለ መጠን ክፍትና ቀላል መሆን አለበት። ይኸው ንድፍ ሳይለወጥ አዳማ ላይ ቢሠራ ግን ቀን አቧራና ትኩስ አየር የሚያስገባ፣ በታኅሣሥ ሌሊት ደግሞ የሚያንዘፈዝፍ ቤት ይሆናል።

አዳማ በሰሜን ኬክሮስ 8 ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ስለምትገኝ በካርታው ላይ በሐሩር ክልል ውስጥ ናት። ይሁን እንጂ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ብትሆንም ከባሕር ጠለል በላይ ያላት ከፍታ ከ1,600 ሜትር ይበልጣል፤ በዚህም የተነሣ የቀኑና የሌሊቱ ሙቀት በእጅጉ ይራራቃል። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባሉት ወራት የቀኑ ሙቀት 30 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲደርስና ሲያልፍ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቶች ከ15 ዲግሪ በታች ይወርዳል። ዝናቡ በአብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት ይጥላል፤ ረጅሙ የበጋ ወቅት ደረቅና ነፋሻማ ነው። ነፋሱ ምን ያህል ብርቱ እንደሆነ ለማወቅ ከከተማዋ ዳር ያሉትን ኮረብታዎች መመልከት በቂ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2012 ሥራ የጀመረው 51 ሜጋዋት የሚያመነጨው የአዳማ አንድ የነፋስ ኃይል ማመንጫና ከእርሱ በኋላ የተሠራው 153 ሜጋዋት ያለው አዳማ ሁለት እዚያ የተተከሉት ያለ ምክንያት አይደለም።

ለማብራሪያው እንዲመች የአንዲት ተማሪን ንድፍ በምሳሌነት እንውሰድ። ቦታው 12 በ20 ሜትር ሲሆን አጭሩ ጎን በምዕራብ በኩል ከመንገድ ጋር ይዋሰናል። ተማሪዋ 120 ካሬ ሜትር ጣሪያ ያለው፣ ፎቅ የሌለው ቤት ነድፋለች፤ እንደተለመደው ወለሉ በምሰሶዎች ላይ የቆመ፣ ግድግዳው ስስ፣ አንደኛው ጎኑም ሐረግ የተሳበበት ነው፤ ሳሎኑና ዋናው መኝታ ቤት መንገዱን እንዲያዩ በምዕራብ በኩል ሰፊ መስታወት ተደርጎላቸዋል፣ ጣሪያው ጠፍጣፋ የኮንክሪት ሶሌታ ነው፣ በላዩም 12 የፀሐይ ኃይል ሰሌዳዎችና አንድ ባለ 1,000 ሊትር ሮቶ ተቀምጠዋል። እንዲህ ያለውን ንድፍ ለማሻሻል ብዙዎች የሚቸኩሉት ሌላ መሣሪያ ለመጨመር ነው። እኔ የምመርጠው መንገድ ግን እያንዳንዱን መስመር «በየትኛው ወር፣ በስንት ሰዓት ነው የምትጠቅመው?» ብሎ መጠየቅ ነው፤ ለዚህ ጥያቄ መልስ የሌለው ነገር ዋጋው የቱንም ያህል ቢሆን ከንድፉ ሊወጣ ይገባል።

በፀሐይ እንጀምር። በአዳማ ሰማይ ፀሐይ በእኩለ ቀን ልክ ከአናት በላይ የምትውለው በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያ የመጀመሪያው ሳምንትና በነሐሴ የመጨረሻው ሳምንት ገደማ ነው። በእነዚህ ሁለት ጊዜያት መካከል እኩለ ቀን ላይ ወደ ሰሜን ታዘነብላለች፤ በቀሩት ወራት ደግሞ በደቡብ በኩል ትሆናለች። ወደ ሰሜን በጣም በምትርቅበት በሰኔ 14 አካባቢ እንኳ ከአድማስ 75 ዲግሪ ያህል ከፍ ብላ ትታያለች፤ ወደ ደቡብ በጣም በምትርቅበት በታኅሣሥ 12 አካባቢ ከፍታዋ 58 ዲግሪ ይሆናል። ከዚህ ቀላል ስሌት ይወጣል። ቁመቱ 1.2 ሜትር የሆነ የደቡብ መስኮትን በታኅሣሥ እኩለ ቀን ሙሉ በሙሉ ለማጥላት ከመስኮቱ አናት ላይ 75 ሳንቲ ሜትር የወጣ ከፈፍ ይበቃል፤ ለሰሜን መስኮት በሰኔ የሚያስፈልገው ከ35 ሳንቲ ሜትር አይበልጥም። በታኅሣሥ ጠዋት ፀሐይዋ ዝቅ ስለምትል ከከፈፉ ሥር ሾልካ ትገባለች፤ ሌሊቱ ቀዝቅዞ ያደረ ቤት ግን በዚያ ሰዓት ጥቂት ሙቀት ቢያገኝ የሚጠላው የለም።

በምዕራብ በኩል ያለው መስታወት ግን በዚህ ስሌት አይድንም። በመጋቢት አጋማሽ ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ፀሐይ ከአድማስ 20 ዲግሪ ገደማ ብቻ ከፍ ብላ በቀጥታ ፊት ለፊት ትመታዋለች፤ ያንኑ 1.2 ሜትር መስኮት ለማጥላት ከ3 ሜትር በላይ የወጣ ከፈፍ ያስፈልጋል፤ ይህ ከፈፍ ከመሆን አልፎ ሌላ ክፍል ነው። ሰዓቱም ከሁሉ የከፋው ነው፤ የውጩ አየር ቀኑን ሙሉ ሲሞቅ ውሎ ገና ያልበረደበት፣ ቤተሰቡም ከሥራና ከትምህርት ቤት የሚሰበሰብበት ሰዓት ነው። ተማሪዋ ቦታውን ማዞር አትችልም፤ መንገዱ ያለው በምዕራብ ነውና። ክፍሎቹን ግን ማዞር ትችላለች። መታጠቢያ ቤቱ፣ ዕቃ ቤቱና የመኪና ማቆሚያው ወደ ምዕራብ ቢሄዱ ሙቀቱን እነርሱ ተቀብለው ለሳሎኑ መከታ ይሆናሉ። ቤቱ ወደ ሰሜኑ የግቢ ወሰን ቀረብ ቢል በደቡብ በኩል ረዘም ያለ ግቢ ይተርፋል፤ ሳሎኑና መኝታ ቤቶቹም በተርታ ወደዚያ ይከፈታሉ፣ በረንዳውም በዚያው በኩል ይሆናል። የመንገዱ እይታ ይቀራል፤ በእኔ ግምት ግን መጋረጃው ቀኑን ሙሉ ተዘግቶ ከሚውል መስኮት የሚገኘው እይታ ብዙም አያስቆጭም።

ከመስኮቱ የሚበልጠው ጉዳይ ግን ጣሪያው ነው፤ ለምድር ወገብ በቀረበ ቦታ ከግድግዳዎቹ ሁሉ ይልቅ ፀሐይን የሚጋፈጠው እርሱ ስለሆነ። ጥርት ባለ እኩለ ቀን አንድ ካሬ ሜትር አግድም ወለል 1,000 ዋት ያህል የፀሐይ ኃይል ይቀበላል። የተማሪዋ 120 ካሬ ሜትር ጣሪያ በዚያ ሰዓት የሚቀበለው ኃይል ከ30 በላይ የኤሌክትሪክ ምጣዶች በአንድ ጊዜ ቢለኮሱ ከሚፈጁት ጋር ይስተካከላል። ጠፍጣፋው ሶሌታ ይህን ሙቀት ቀስ እያለ ይጠጣና ወደ ውስጠኛው ገጹ የሚያደርሰው ከሰዓታት በኋላ፣ ቤተሰቡ ወደ መኝታ በሚያመራበት ጊዜ ነው። የአዳማ ሰው ሌሊት ፍራሹን ወደ በረንዳ የሚያወጣበት ቤት ብዙውን ጊዜ ከሁለት አንዱ ነው፤ ወይ ሶሌታው ሲጋገር የዋለ፣ ወይ ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ።

ተማሪዋ ሶሌታውን የመረጠችው ወደፊት ፎቅ ለመጨመር ከሆነ ምክንያቷ ሊከበር ይገባል፤ ያኔ ግን ከላዩ በክፍተት የተለየ ሁለተኛ የቆርቆሮ ጥላ ወይም በቂ ውፍረት ያለው የፑሚስ (ቀላልና ቀዳዳማ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ) ንጣፍ ያስፈልገዋል። ፎቁ የማይታሰብ ከሆነ ቁልቁለት ያለው ቆርቆሮ ርካሽና የተሻለ ነው፤ ሦስት ነገሮች እስከተሟሉለት ድረስ። የመጀመሪያው ቀለም ነው። አዲስ ቀለም ያልተቀባ ቆርቆሮ ብርሃኑን ያንጸባርቃል፤ የያዘውን ሙቀት መልሶ ወደ ሰማይ የመልቀቅ አቅሙ ግን ደካማ በመሆኑ እጅ የሚያቃጥል ይሆናል፤ ሲዝግ ደግሞ ማንጸባረቁንም ያጣል። ነጭ ወይም ነጣ ያለ ቀለም የተቀባው ሁለቱንም ሥራ ስለሚሠራ በግልጽ ቀዝቃዛ ነው። ቀጥሎ በቆርቆሮውና በኮርኒሱ መካከል ያለው አየር መውጫ ይሻል፤ በከፈፉ ሥር ዙሪያውን ወንፊት የተገጠመለት ክፍተት፣ ከአናቱ ደግሞ ዝናብ የማያስገባ መውጫ ካለው ትኩሱ አየር ከላይ ሲወጣ ከታች ቀዝቀዝ ያለው ይተካዋል። ከዚያም ኮርኒሱ ራሱ፦ ባዶ ቺፑድ ብዙም አይከላከልም፤ ከላዩ ሙቀት የሚያግድ ንጣፍ ያስፈልገዋል። ይኸው ንጣፍ በክረምት ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ሰው ተደማምጦ እንዲያወራ ያስችላል፤ ይህን ጥቅም በንድፍ ወረቀት ላይ ያሰፈረ ተማሪ አላየሁም።

አሁን ወደ ግድግዳውና ወደ ሌሊቱ አየር እንመለስ፤ የአዳማ ቤት ከቆላው ቤት የሚለይበት ዋናው ነጥብ ይህ ነውና። ሌሊቱ የሚቀዘቅዝ ከተማ ለቤት ሠሪ ያለ ክፍያ የሚያቀርበው ነገር አለ፦ ወፍራምና ከባድ ግድግዳ በሌሊቱ አየር ቀዝቅዞ ካደረ፣ በማግሥቱ እስከ ከሰዓት በኋላ ድረስ በቤቱ ውስጥ ያለውን ሙቀት እየዋጠ ያቆያል። ለዚህም ቀን መስኮቱ ሊዘጋ፣ ሌሊት ሊከፈት ይገባል፤ ይህም ከተማሪዋ ንድፍ ጋር ተቃራኒ ነው፤ የእርሷ ስስ ግድግዳ የሚያከማቸው ቅዝቃዜ የለም፣ ሰፊዎቹ መስኮቶቿም ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ 30 ዲግሪ የሆነውን አቧራማ ነፋስ ይጋብዛሉ።

ችግሩ በመጽሐፍ ላይ «ሌሊት መስኮት ይከፈት» ተብሎ የሚጻፈው ነገር በአዳማ ሰፈሮች የማይፈጸም መሆኑ ነው። ሌሊት መስኮቱን ከፍቶ የሚተኛ የለም፤ ሌባ ይፈራል፣ ወባ ያለበት ከተማ በመሆኑም ትንኝ ይፈራል፣ በበጋ ደግሞ ድንገት የሚነሣ አቧራ አለ። ስለዚህ የንድፉ ማሻሻያ መስኮትንና የአየር ቀዳዳን ሁለት የተለያዩ ነገሮች አድርጎ መሥራት ነው። መስኮቱ ለብርሃንና ለእይታ ይሁን፤ መጠኑም ይቀንስ። የሌሊቱ አየር በሌላ መንገድ ይግባ፦ የበጋው ነፋስ በአብዛኛው ከምሥራቅና ከሰሜን ምሥራቅ ስለሚነፍስ በዚያ በኩል ዝቅ ብሎ፣ በተቃራኒው በኩል ደግሞ ከኮርኒሱ ሥር ከፍ ብሎ የተሠራ፣ ከውጭ የብረት ፍርግርግ፣ ከመሐል የትንኝ ወንፊት፣ ከውስጥ የሚከፈትና የሚዘጋ መዝጊያ ያለው ቀዳዳ ይደረግ። እንዲህ ከሆነ ቤተሰቡ መስኮቱን ቆልፎ ተኝቶ ቤቱ ይተነፍሳል። መዝጊያው በታኅሣሥ ሌሊትና በአቧራ ቀን ይዘጋል፤ በክረምት ነፋሱ አቅጣጫውን ቀይሮ ዝናብ ይዞ ሲመጣም እንዲሁ። ወንፊቱ የነፋሱን ጉልበት በእጅጉ ስለሚቀንስ ቀዳዳዎቹ ያለ ወንፊት ከሚያስፈልጋቸው መጠን ቢያንስ እጥፍ ቢሆኑ ይመረጣል። እግረ መንገድ ለመናገር፣ በከተማው የተለመደው ተንሸራታች የአልሙኒየም መስኮት ቢከፈት እንኳ ግማሹ ሁልጊዜ ዝግ ነው፤ በሥዕሉ ላይ 2 ሜትር የተጻፈው መስኮት አየር የሚያስገባው በ1 ሜትር ብቻ ነው።

ወለሉን ከመሬት ማንሣቱም ሊታረም ይገባል። በደረቅ አካባቢ በቀጥታ መሬት ላይ ያረፈ ወለል ከሥሩ ካለው አፈር ቅዝቃዜ ያገኛል፤ በምሰሶ ላይ የተሰቀለው ይህን ያጣል። ከተማሪዋ ሐሳብ አንድ ነገር ግን ሊወሰድ ይችላል፦ አዳማ በኮረብታዎች የተከበበች በመሆኗ ክረምት ሲመጣ ጎርፉ ከላይ ወደ ዝቅተኞቹ ሰፈሮች ይወርዳል፤ ስለዚህ ወለሉን በድንጋይ መሠረትና በተጠቀጠቀ ሙሌት ከግቢው ከፍ ማድረግ የግድ ነው።

ግድግዳው በምን ይሠራ? ስምጥ ሸለቆው የእሳተ ገሞራ ውጤት የሆኑ ፑሚስና ቀይ ድንጋይ በቅርብ የሚገኝበት ነው፤ በፑሚስ የተሠራ ብሎኬት ቀላልና ሙቀትን በደንብ የሚያግድ ሲሆን፣ ክብደት ስለሌለው ቅዝቃዜ አያከማችም። ስለዚህ ሁሉን በአንድ ዓይነት ከመሥራት ይልቅ ፀሐይ የሚመታቸውን የምዕራብና የምሥራቅ ግድግዳዎች በፑሚስ ብሎኬት፣ የውስጥ ክፍልፋዮችን ደግሞ ከባድ በሆነው፣ ጥቂት ሲሚንቶ በተቀላቀለበት በማሽን በተጨመቀ የአፈር ብሎኬት መሥራት ይሻላል። የአፈር ብሎኬቱ የሲሚንቶን መጠን ስለሚቀንስ ለአካባቢም ይጠቅማል፤ አንድ ቶን ሲሚንቶ ሲመረት ከግማሽ ቶን በላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ አየር ይወጣልና። የአያቶቻችን የጭቃ ቤት ቀን ቀዝቃዛ የሚሆነውም በዚሁ በግድግዳው ክብደት ነው፤ ጠላቱ ምስጥና የግርጌ እርጥበት ነበር። ከባድ ግድግዳ ግን በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ሌላ ግዴታ ይዞ ይመጣል። በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ በተደጋጋሚ የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ እስከ አዲስ አበባ ተሰምቷል፤ የአፈር ግድግዳ ያለ ኮንክሪት ቀበቶና በየማዕዘኑ ያለ ማጠናከሪያ መቆም የለበትም፤ ስሌቱም ለስትራክቸር መሐንዲስ ይተው።

ውኃን በተመለከተ ተማሪዋ ሮቶ ማሰቧ ያስመሰግናታል፤ ቁጥሩ ግን አይሠራም። በዓመት 800 ሚሊሜትር ዝናብ በ120 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ ቢጥልና በመፍሰስና በመትነን 20 በመቶው ቢባክን ከ75 ሺህ ሊትር በላይ ይሰበሰባል። አምስት ሰዎች በቀን 50 ሊትር፣ 50 ሊትር ቢጠቀሙ ዓመታዊ ፍጆታቸው 91 ሺህ ሊትር ገደማ ነው። ሁለቱ ቁጥሮች ሲተያዩ ተስፋ ሰጪ ይመስላሉ፤ ነገር ግን ዝናቡ የሚመጣው በጥቂት ወራት ነው። አንድ ጥሩ የሐምሌ ዝናብ 20 ሚሊሜትር ቢጥል ከጣሪያው 1,900 ሊትር ያህል ይወርዳል፤ ባለ 1,000 ሊትሩ ሮቶ በአንድ ቀን ዝናብ ሞልቶ የቀረው ወደ ጎርፍ ይሄዳል፣ የተጠራቀመውም በአራት ቀን ያልቃል። በሌላ በኩል በጋውን ሙሉ የሚያሻግር ማጠራቀሚያ ከፍተኛ ዋጋ ይጠይቃል። ሚዛናዊው መልስ በግቢው ውስጥ ከመሬት በታች 10 ሺህ ሊትር ያህል የሚይዝ ጉድጓድ ሠርቶ፣ በክረምት ሙሉ በሙሉ በዝናብ ውኃ መጠቀም፣ በበጋ ደግሞ ጉድጓዱን የቧንቧ ውኃ በፈረቃ ሲመጣ መሙያ ማድረግ ነው። የዝናብ ውኃ በዚህ አካባቢ ሌላም ብልጫ አለው፦ በስምጥ ሸለቆ ብዙ ጉድጓዶች ፍሎራይድ የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ካስቀመጠው በሊትር 1.5 ሚሊግራም በላይ ስለሚገኝ የልጆች ጥርስ ይበልዛል፤ የዝናብ ውኃ ግን ይህ ችግር የለበትም። ጣሪያው በጋውን ሙሉ አቧራ ሲጠጣ ስለሚከርም ግን የመጀመሪያዎቹ ዝናባት ውኃ በአሸንዳው ላይ በተገጠመ መቀልበሻ ወደ ውጭ ሊፈስ ይገባል፤ ለመጠጥ የሚውለውም ማጣራትና ማከም ያስፈልገዋል።

ማድ ቤቱ በንድፉ ውስጥ ከሳሎኑ ጋር ተያይዞ ክፍት ሆኗል። ፋሽኑን እረዳለሁ፤ እንጀራ የሚጋገርበት ቤት ግን በየሁለትና በየሦስት ቀኑ ለሰዓታት ሙቀትና እንፋሎት የሚያመነጭ ክፍል አለው ማለት ነው። ቀድሞ ማድ ቤት ከዋናው ቤት ተለይቶ በጓሮ የሚሠራው ስለ ጢስ ብቻ አልነበረም። ምጣዱ በበረንዳ በተያያዘ፣ ግን የራሱ ጣሪያና የአየር መውጫ ባለው ትንሽ ክፍል ቢቀመጥ፣ ከሳሎኑ ጋር ክፍት የሚሆነው ቡና የሚፈላበትና ቀላል ምግብ የሚሠራበት ክፍል ብቻ ቢሆን ለሁለቱም ወገን ይመቻል።

ከዚህ በኋላ ነው የፀሐይ ኃይል ሰሌዳው ተራ የሚመጣው፤ እርሱም በአጭሩ። አንድ ባለ 400 ዋት ሰሌዳ በአዳማ ፀሐይ በቀን ከ1.5 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ይሰጣል፤ ለመብራት፣ ለቴሌቪዥንና ለማቀዝቀዣ ሁለት ወይም ሦስት ይበቃሉ። አሥራ ሁለቱ የተደረደሩት 3.5 ኪሎዋት የሚወስደውን ምጣድ ለመሸከም ነው፤ ለዚያ ደግሞ ሰሌዳው ሳይሆን ባትሪው ነው ኪስ የሚያራቁተው። ምጣዱ በመብራት ኃይል መስመር ይቅርና የተረፈው ገንዘብ ለጣሪያው ንጣፍና ለውኃው ጉድጓድ ይዋል። ሰሌዳዎቹ በመጠኑ ወደ ደቡብ ይዘንበሉ፤ አቧራውን የሚጠርግ ሰው የሚቆምበት ቦታም በሥዕሉ ላይ ይታይ። ሐረግ የሚወጣበት «አረንጓዴ ግድግዳ» በበጋ ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ የማይታሰብ ነው፤ በእርሱ ፈንታ በምዕራብ በኩል፣ በመንገዱና በቤቱ መካከል፣ አንድ ግራር ወይም ኒም ይተከል።

ተማሪዋ ንድፏን ዳግመኛ ከመሳሏ በፊት ልትሠራው የምትችለው አንድ ርካሽ ሥራ አለ። በአንድ ሰፈር ባሉ ሁለት ቤቶች፣ ኮርኒስ በሌለው የቆርቆሮ ቤትና በጥሩ ሁኔታ በተያዘ የጭቃ ቤት ውስጥ፣ በባለቤቶቹ ፈቃድ አንዳንድ ቴርሞሜትር ሰቅላ ለአንድ ሳምንት ጠዋት 12 ሰዓት፣ ከቀኑ 9 ሰዓትና ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ብትመዘግብ፣ ከውጭው ሙቀት ጋርም ብታስተያየው፣ የጣሪያው ድርሻ በ9 ሰዓቱ ቁጥር ላይ፣ የግድግዳው ድርሻ ደግሞ በምሽቱ ቁጥር ላይ ይታያታል። የጭቃ ቤቱ የጠዋት ሙቀት ከውጭው በብዙ ዲግሪ የሚበልጥ ከሆነ ቤቱ ሌሊት አልተነፈሰም ማለት ነው፤ በአዲሱ ሥዕል ላይ ከኮርኒሱ ሥር የሚሳሉት ቀዳዳዎች መጠን የሚወሰነውም ከዚህ ልዩነት ነው።